ዘፈኗን አከራየች እንጂ አልሸጠችም

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥልጠና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የዛሬውን ርዕስ ስናስታውቅ አንዲት እናታችን፣ “የበርበሬ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ ስለ አሜሪካ ዘፋኝ ማውራት ምን ይሉታል?” ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሳችን አጭር ነው። የምናወራላችሁ ሴት ዶሊ ፓርተን ትባላለች። ዓለም የሚያውቃት በድምፅዋና በአለባበሷ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣት የዘፈን ግጥምና ዜማ ደራሲ ስለሆነች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእጇ የሠራችውን ነገር ከእጇ ሳታስወጣ ስለኖረች ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ ከዚህ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ታሪኩን ከሰማችሁ በኋላ ወደዚያ እንመጣለን።

ዶሊ የተወለደችው በ1946 ነው፤ የእሷን ታሪክ ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አገሯ አሜሪካ፣ ክፍለ ግዛቷ ቴነሲ፣ አውራጃዋ ሴቪር ይባላል፤ ስሞኪ የሚሏቸው ተራሮች ያሉበት ነው። ከአሥራ ሁለት ልጆች አራተኛዋ ናት። አባቷ ሮበርት ሊ ፓርተን በጭሰኝነት ያርሱ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እናቷ አቪ ሊ ከወላጆቻቸው የወረሱትን የድሮ እንጉርጉሮ ለልጆቻቸው ይዘፍኑ ነበር። ዶሊን ላዋለዱት ሐኪም የተከፈለው ዋጋ አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነበር። ልጆች በአንድ አልጋ ተጨናንቀው የሚያድሩበት ቤት እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን የምናውቀው ቤት ስለሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልገውም።

ካንትሪ የሚባለው ሙዚቃ የዚያ የገጠር ሕዝብ ሙዚቃ ነው። በጊታር፣ በባንጆና በቫዮሊን ይታጀባል። ዘፈኑ ብዙ ጊዜ ታሪክ ይተርካል፤ ስለ ድህነት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ስደት፣ ስለ እናት። በካሴት ዘመን የኬኒ ሮጀርስን ዘፈን የሰማችሁ ሰዎች ድምፁ እንግዳ አይሆንባችሁም። ኬኒ እና ዶሊ በ1983 አብረው የዘፈኑት አንድ በጣም የታወቀ ዘፈን አለ። የዚያ ዘፈን ደራሲዎች ግን ቢ ጂስ የሚባሉት ወንድማማቾች ናቸው። ይህን ልዩነት አደራ ያዙልን፤ ዘፋኝ ሌላ፣ የዘፈኑ ባለቤት ሌላ ሊሆን ይችላል። የዶሊ የሕይወት ታሪክ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው።

ዶሊ በ1959፣ ገና በ13 ዓመቷ፣ በናሽቪል ከተማ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው ታላቅ የካንትሪ መድረክ ላይ ዘፍናለች። ትምህርቷን ግን አላቋረጠችም። በ1964 ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች፤ በማግስቱ ወደ ናሽቪል ተነሣች። በደረሰችበት ቀን ልብሷን ልታጥብ ወደ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሄዳ፣ ከደጁ ላይ ካርል ዲን የሚባል ወጣት ተዋወቀች። በ1966 ተጋቡ፤ በ2025 በሞት እስኪለያት ድረስ አብረው ኖሩ።

በከተማው መጀመሪያ የተፈለገችው ለድምፅዋ አልነበረም። ያስፈረማት የሸክላ አሳታሚ ድምፅዋ ለካንትሪ አይሆንም ብሎ የከተሜ ልጃገረዶችን ዘፈን እንድትዘፍን ይገፋፋት ነበር። እሷ ግን ከእናቷ ወንድም ከቢል ኦውንስ ጋር ትጽፍ ነበር። በ1966 ሁለቱ የደረሱትን አንድ ዘፈን ቢል ፊሊፕስ የሚባል ዘፋኝ ዘፈነውና በካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ያለ ቦታ አገኘ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ካንትሪ እንድትዘፍን ፈቀደላት። አስተውሉ፤ በሩን የከፈተላት ብዕሯ ነው። ዝም ብላ ጠብቃ ቢሆን ኖሮ ሌሎች በመረጡላት መንገድ ትሄድ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ሌላም ነገር አደረገች። ከአጎቷ ጋር ሆና የራሷን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመች፤ ስሙንም ከሁለቱ የቤተሰብ ስም ቀጣጥለው አወጡለት። ይህ ነገር በጊዜው ትንሽ ይመስል ነበር። ትልቅነቱ እንዲታየን የዘፈን ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እናስረዳ።

አንድ ዘፈን በውስጡ ሁለት ንብረት አለው። አንዱ የተቀረጸው ድምፅ ነው። ሌላው ግጥሙና ዜማው ነው። ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ የሸክላ አሳታሚው ኩባንያ ነው። ግጥሙና ዜማው የደራሲው ነው፤ ሥራውን የሚያስተዳድርለት አሳታሚ ድርጅት ካለ ደግሞ ገቢውን ከእሱ ጋር ይካፈላል፤ በተለመደው አሠራር እኩል በእኩል። ስለዚህ ደራሲዋ ራሷ አሳታሚም ከሆነች ሁለቱም ድርሻ በአንድ መሶብ ይገባል ማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ተቀርጾ ከወጣ በኋላ ሌላ ዘፋኝ እንደገና ሊዘፍነው ይችላል፤ ግን በእያንዳንዱ ቅጂ ለግጥምና ዜማው ባለቤት ይከፈላል። ከ1909 እስከ 1978 ድረስ ሕጉ የወሰነው ክፍያ በቅጂ ሁለት ሳንቲም ነበር። በተራ ሬዲዮ ዘፈኑ ሲተላለፍ ደግሞ የሚከፈለው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው፤ ለዘፋኙ አይከፈልም።

ሁለት ሳንቲም ስንል ሳቅ የመጣባችሁ እንዳላችሁ አይተናል። በሳምንት የምናስቀምጣትን ቁጠባ የሚያይ ሰውም እንዲሁ ይስቅ ነበር። ትንሿ ነገር ባለቤቷ እኛ እስከሆንን ድረስ ታድጋለች።

የእሷ ዘፈኖች ከየት መጡ? ከቤቷ። ልጅ ሳለች እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ካፖርት ሰፉላት። እየሰፉ የያዕቆብን ልጅ የዮሴፍን ባለ ብዙ ኅብር ቀሚስ ታሪክ አጫወቷት። ልጅቷ ኮርታ ትምህርት ቤት ብትሄድ ልጆች ሳቁባት። በ1969 በጉዞ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ወረቀት ብታጣ በላውንደሪ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይህን ታሪክ ጻፈችው። “ኮት ኦቭ ሜኒ ከለርስ” ተብሎ በ1971 ወጣ። ብዙ ታዋቂ ዘፈኖች ካሏት በኋላም አብልጣ የምትወደው ይህን እንደሆነ ደጋግማ ተናግራለች። የተሳቀባት ካፖርት ለዘለቄታ የገቢ ምንጭ ሆነላት። የእናቷ መርፌ እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከ1967 ጀምሮ ዶሊ በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ትሠራ ነበር። ፖርተር በጊዜው ስመ ጥር ነበር፤ ለአገር ያስተዋወቃትም እሱ ነው። አምስት ዓመት እሠራለሁ ብላ ገብታ ሰባት ዓመት ሠራች። ራሷን ችላ መሄድ ስትፈልግ እሱ አልቀበል አለ። ክርክሩ ሲበዛባት ቤቷ ገባችና የስንብት ዘፈን ጻፈች፤ “አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ” የተባለውን። ምስጋናም መለያየትም በአንድ ላይ ያለበት ነው። በማግስቱ ስትዘፍንለት እንባው መጣ፤ ዘፈኑን እኔ በአዘጋጅነት ላስቀርጽ እንጂ ሂጂ አላት። ዘፈኑ በ1974 ከካንትሪ ዘፈኖች ቁጥር አንድ ሆነ።

መለያየቱ ግን በዘፈን ብቻ አላለቀም። በ1979 ፖርተር ሦስት ሚሊዮን ዶላር ይገባኛል ብሎ ከሰሳት፤ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ ታረቁ። በ2007 በጠና ታሞ ከመሞቱ በፊትም ልትጠይቀው ሄዳለች። ሥራን ከወዳጅነት መለየት ማለት ጠላት መሆን እንዳልሆነ ከዚህ እናያለን። በእኛም ማኅበር ውስጥ “ውል እንጻፍ ካልን እኅትማማችነታችን ይበላሻል” የሚል ፍርሃት አለ። ያልተጻፈው ነው ብዙ ጊዜ የሚያጣላን።

ዘፈኑ ቁጥር አንድ ከሆነ በኋላ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው እንደሚፈልግ ተነገራት። በዚያን ጊዜ ኤልቪስ ዘፈንሽን ዘፈነው ማለት ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። እሷም ለምታውቀው ሰው ሁሉ አወራች። ታዲያ ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ በቀረጻው ዋዜማ የኤልቪስ ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ደወለላት። ኤልቪስ የሚዘፍነው ዘፈን ከአሳታሚነት መብቱ ቢያንስ ግማሹ ለእነሱ ካልሆነ አይቀረጽም አላት። እሷም ይህ መብት ለቤተሰቤ የማወርሰው ነው፣ አልሰጥም አለች። ቀረጻው ቀረ። ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ሰዎች አብደሻል አሏት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያለቀሰችው የከለከለችው ነገር ትንሽ ስላልነበረ ነው። “እምቢ” ማለት የሚያኮራው ውሎ አድሮ ነው፤ በዕለቱ የሚያስለቅስ ነው። እንዲህ ያለውን ዕንባ የምታውቁ እናቶች በመካከላችን አላችሁ።

ከዚያስ? ዘፈኑ በ1982 በአንድ ፊልም ውስጥ እንደገና ዘፍናው ለሁለተኛ ጊዜ ቁጥር አንድ ሆነ። በ1992 ደግሞ ዊትኒ ሂዩስተን “ዘ ቦዲጋርድ” በተባለው ፊልም ውስጥ ዘፈነችው። በአሜሪካ ዋናው የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ 14 ሳምንት ቁጥር አንድ ሆኖ ቆየ። ዓለም ሁሉ የዊትኒ ዘፈን አድርጎ ያውቀዋል፤ ድምፁ በእርግጥም የዊትኒ ነው። ቃሉና ዜማው ግን በዶሊ ስም፣ በዶሊ ድርጅት ሥር ነበር። ከዚህ ካገኘችው ገንዘብ በናሽቪል ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ሰፈር ለቢሮ የሚሆን ሕንፃ እንደገዛች፣ ይህንንም ዊትኒን በማሰብ እንዳደረገችው በ2021 ተናግራለች። በ1974 ግማሹን ሰጥታ ቢሆን ኖሮ ከእያንዳንዱ የሬዲዮ ስርጭትና ከእያንዳንዱ ቅጂ ድርሻዋ ተቆርጦ ወደ ሌላ ሰው ይሄድ ነበር፤ ያውም ለዘለቄታው።

ሁሉም ደራሲ እንዲህ አልሆነላትም። ሎሬታ ሊን የምትባል ሌላ ታላቅ የካንትሪ ደራሲ ነበረች። በ1932 ኬንታኪ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ቤት ተወለደች፤ በልጅነቷ ተዳረች፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላት የልጆች እናት ሆነች። ስለ ትዳር፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ጠጪ ባል እውነቱን የጻፈች ደፋር ሴት ነበረች። ገና ሥራ በጀመረችባቸው ዓመታት ግን የአሳታሚነት መብቷን ለሌሎች አሳልፋ የሚሰጥ ረጅም ውል ፈረመች። ታዋቂ ከሆነች በኋላ መብቷን ለማስመለስ ለብዙ ዓመት ተከራክራ አልተሳካላትም። አዲስ ብጽፍ የሚጠቀመው ሌላ ነው በሚል ብዕሯ የቀዘቀዘበት ጊዜም ነበር። የሁለቱ ሴቶች ተሰጥኦ የሚተናነስ አይደለም። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ፊርማ ነው።

ከእኛ ሕይወት ጋር ይበልጥ የሚቀራረብ አንድ ምዕራፍ እንጨምር። በ1973 በቦስተን ከተማ የቢሮ ጸሐፊዎች የሆኑ ሴቶች ተሰብስበው “ናይን ቱ ፋይቭ” የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታው አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ነው፤ የቢሮ ሰዓት። የደመወዝ ማነስን፣ የዕድገት መከልከልን፣ በአለቃ መደፈርን ይታገሉ ነበር። የእነሱ ታሪክ ተዋናይት ጄን ፎንዳ ዘንድ ደርሶ በ1980 በዚያው ስም ፊልም ተሠራ፤ ዶሊም ተዋናይ ሆና ገባች። የፊልሙን ዘፈን የጻፈችው በቀረጻው ቦታ ሰው ሠራሽ ጥፍሮቿን እያፋጨች፣ ድምፁን ከጽሕፈት መኪና ኳኳታ ጋር እያመሳሰለች ነው። ዘፈኑ በ1981 በአገሪቱ ዋና ሰንጠረዥ ላይ ቁጥር አንድ ሆነ፤ ለኦስካርም ታጨ። በጥቂት ሴቶች ስብሰባ የተጀመረ ነገር ዓለም የሚዘፍነው ሆነ። ስብሰባ ጊዜ ማባከን ነው የምትሉ እህቶች ይህን ያዙልን።

ያገኘችውን ምን አደረገችበት? በ1986 በትውልድ አውራጃዋ ዶሊዉድ የሚባለውን የመዝናኛ ፓርክ ከሽርካዎች ጋር ከፈተች፤ ለአካባቢው ሰው የሥራ ምንጭ ሆነ። የእሷ ፋውንዴሽን በአውራጃዋ ትምህርት የሚያቋርጡ ልጆች በበዙበት ጊዜ አንድ ብልሃት ፈጠረ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው እንዲጣመሩና ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ ለእያንዳንዳቸው 500 ዶላር እንደሚሰጣቸው ቃል ተገባ። ፋውንዴሽኑ እንደሚገልጸው በእነዚያ ክፍሎች ትምህርት የሚያቋርጡት ከመቶ 35 ወደ 6 ወረዱ። ይህ በብድር ቡድናችን እርስ በርስ ዋስ ከምንሆንበት አሠራር ጋር አንድ ነው፤ ጓደኛዬ እንዳትወድቅ እኔ እጠብቃታለሁ።

በ1995 ደግሞ ማንበብ ያልቻሉትን አባቷን አስባ፣ ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው በየወሩ አንድ መጽሐፍ በነፃ በፖስታ ቤታቸው የሚደርስበትን ሥራ ጀመረች። በሴቪር አውራጃ የተጀመረው ወደ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ብሪታንያ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ አየርላንድ ተስፋፋ። በ2018 የታደለው መጽሐፍ አንድ መቶ ሚሊዮን ሞላ። አባቷ በ2000 ከመሞታቸው በፊት ልጆች እሷን “የመጽሐፏ እመቤት” እያሉ ሲጠሯት ሰምተዋል። ፊደል ያልቆጠሩ አባት የልጃቸውን ከዚህ የበለጠ ክብር አይፈልጉም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። እንደምታውቁት አንድ ነጋዴ የጥልፍ ክፍላችንን ንድፎችና የባልትና ምርቶቻችን የሚሸጡበትን ስም፣ አንድ ጊዜ በሚከፈል ገንዘብ ጠቅልሎ ለመግዛት ጥያቄ አቅርቦልናል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያለ እሱ ፈቃድ በንድፉም በስሙም መሥራት አንችልም። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። የቤት ኪራይ የተጠራቀመባቸው፣ የልጅ የትምህርት ክፍያ የደረሰባቸው አባላት አሉን። “ንድፍ አይበላም፤ ገንዘቡን እንካፈልና ችግራችንን እናቃልል” ያሉት እህቶቻችን ስግብግብ ወይም አርቆ የማያይ ተብለው መታማት የለባቸውም። ችግሩ እውነተኛ ነው።

ለዚህ ነው የዶሊን ታሪክ እስከ መጨረሻው መመርመር ያለብን። እምቢ ያለችው ደፋር ስለሆነች ብቻ አይደለም። የምትቆምበት መሬት ነበራት። ዘፈኑ ቀድሞ ቁጥር አንድ ሆኗል፤ ሌላ ገቢ አላት፤ አሳታሚ ድርጅቷ በስሟ ነው። የተራበ ሰው እምቢ ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ “አትሽጡ” ብሎ መምከር ብቻውን ባዶ ቃል ነው። የእኛ ሥራ ማንኛዋም አባል በችግር ምክንያት ለመሸጥ የማትገደድበትን መሬት ማበጀት ነው። ያ መሬት ቁጠባችን ነው።

ሁለተኛው ነገር ዶሊ ሁሉንም ነገር አልከለከለችም። ድምፅዋን ሸጣለች፣ ጊዜዋን ሸጣለች፣ ዘፈኖቿን ሌሎች እንዲዘፍኗቸው ፈቅዳለች። እንዲያውም ሌሎች ሲዘፍኑላት ደስ ይላታል። አልሸጥም ያለችው ባለቤትነቱን ነው። ቤት ያላት ሴት ቤቷን አከራይታ ትኖራለች፤ ከሸጠችው ግን በማግስቱ ተከራይ ትሆናለች። ንድፍም እንደ ቤት ነው።

ሕጉም ይረዳናል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ የአንድ ሥራ አመንጪ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኗ የራሷ ነው፤ ከሞተች በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቿ ይተላለፋል። ለምርት ስም የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ፤ ንድፍ ለማስመዝገብ አዲስነቱ ስለሚጠየቅ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ማመልከት ይበጃል። አንድ ነገር ግን እንለይ። ከአያቶቻችን የወረስነው ጥለት የሁላችንም ነው፤ ማንም የእኔ ብቻ ሊለው አይገባም። የዶሊ እናት የሚያንጎራጉሩት የድሮ ዜማም እንዲሁ የሁሉም ነበር። የእኛ የምንለው አባሎቻችን አስበው፣ ፈትነው፣ ፈትተው እንደገና ጠልፈው ያወጡትን አዲስ ሥራ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ለሚቀጥለው ስብሰባ አራት ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፣ ለነጋዴው በሩን አንዘጋም። ንድፎቹን ለተወሰነ ዓመት እንዲጠቀም፣ በተሸጠው ቁራጭ ልክ እንዲከፍል፣ ዘመኑ ሲያበቃ መብቱ ወደ ማኅበሩ እንዲመለስ የሚል የራሳችንን ውል እናቅርብለት። የባልትናው ስም ግን ከድርድሩ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ያንብበው፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችንም በስብሰባ ላይ ቃል በቃል ይነበብላቸው። ያልገባን ዐረፍተ ነገር ባለበት ወረቀት ላይ አሻራ አናሳርፍም።

ሦስተኛ፣ አሁን የከበደ ችግር ላለባቸው አባላት ከቁጠባ ሣጥናችን የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ይከፈት። ድምፃቸውን የሚሰጡት ከችግር ተላቀው፣ በነፃ ልብ ይሁን።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ አዲስ ንድፍ የሠራችው አባል ስምና የተሠራበት ቀን ተጽፎ፣ ናሙናው ተቀምጦ በመዝገብ ይያዝ። ነገ ገቢ ሲመጣ ለጠላፊዋ ድርሻዋ የሚታወቀው ከዚህ መዝገብ ነው። በማኅበር ስም የአንዲትን እህት ሥራ መዋጥም ከነጋዴው ጥያቄ የተለየ አይሆንም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የላካችሁት መርፌ፣ ክርና የስፌት መኪና ዛሬ ያለንበት አድርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘንድሮ የምንጠይቃችሁ ከዚህ ይለያል። ለአስቸኳይ ብድሩ ማጠናከሪያ፣ ለሕግ ባለሙያ ክፍያና ለምዝገባ ወጪ እንድታግዙን ነው። ፎቶ የሚነሣለት ሥራ እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን የእናንተ እርዳታ አንድ ቀን ያበቃል፤ ማብቃትም አለበት። ያን ቀን ማኅበራችን ሳይወድቅ የሚያቆመው የራሱ የሆነ ንብረት ነው።

ዶሊ ፓርተን በሕይወቷ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ዘፈኖች እንደጻፈች ትናገራለች። አብዛኞቹን ዓለም አያውቃቸውም። የትኛው በኋላ እንደሚያድግ እሷም አስቀድማ አታውቅም ነበር። በ1974 የዊትኒ ሂዩስተን ድምፅ እንደሚመጣ ማን ያውቅ ነበር? እኛም ከንድፎቻችን የትኛው ነገ የልጆቻችን እንጀራ እንደሚሆን ዛሬ አናውቅም። ስለማናውቅም ነው በአንድ ጊዜ ዋጋ ጠቅልለን እንዳንሰጥ የምንመክረው።

ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። እስከዚያ ድረስ በየቡድናችሁ ተወያዩበት፤ የማትስማሙ ካላችሁም ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ።